ዝም ተብሎ የሚቀጠፍ ጦስኝ

ባለፈው ሳምንት ቃላሚኖ አካባቢ ከተከፈተ አንድ አዲስ ሱቅ ስኳር ልገዛ ገብቼ፣ መደርደሪያው ላይ በካርቶን የታሸገ ጦስኝ አየሁ። ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል፤ ውስጡ እንደ ሻይ ባለ ክር ከረጢት ነው። ሻጯ ወጣት ልጅ ስመለከተው አይታ ጥቅሙን ትዘረዝርልኝ ጀመር። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጉንፋን፣ ለሆድ መነፋት፣ ውፍረት ለመቀነስም ጭምር። የመጨረሻውን ስትል ዓይኗ ወገቤ ላይ አረፍ ማለቱን አልወደድኩላትም። ቢሆንም ገዛሁት። ቤት ገብቼ ከፍቼ ሳሸተው ሽታው ደክሟል፤ ግን እሱው ነው። ስኳሩን ከፌስታል ሳላወጣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ ምሳ ሰዓት አለፈብኝ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። መንዝ ላይ ጦስኝ ማለት እግር የሚረግጠው ነገር ነው፤ ሰው ተኝቶበት ሲነሣ ልብሱ ሲሸት ይውላል። አባቴ የአማርኛ መምህር ሆኖ መቀሌ ሲመደብና ቁሓ ላይ ቤት ስንከራይ፣ እማዬን ያሳሰባት ቋንቋው ወይም የውኃው ወረፋ አልነበረም። ጦስኝ ይኖር ይሆን ብላ ነበር የተጨነቀችው። ያገኙላት የአከራያችን የለተብርሃን አባት አቦይ ሐጎስ ናቸው። እሳቸው በደህናው ዘመናቸው ከቁሓ በላይ ያለውን የጽድ ጫካ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ነበሩ። እማዬ በምልክትና በግማሽ ትግርኛ የምትፈልገውን ስታስረዳቸው፣ በማግስቱ አንድ እፍኝ ሙሉ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። እማዬ አሸተተችውና አለቀሰች። እኔ ያኔ ሣር ይዞ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አፈርኩባት።

ከዚያ ወዲያ ጦስኝ ያልገባበት ምግብ በቤታችን አልነበረም። ሽሮው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ደረቅ ቅጠሉ ይቀላቀልበታል፤ በርበሬውም እንዲሁ። በዓል ሲደርስ እማዬ ሥጋውን በጨውና በተወቀጠ ጦስኝ አሽታ ታሳድረውና ጥብሱ ሲወጣ ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ለተብርሃን የእኛን ሽሮ በቀመሰች ቁጥር "የእናንተ ሽሮ ተራራ ተራራ ይላል" እያለች ትስቃለች፤ ሳህኑን ግን ጠርጋ ነበር የምትመልሰው።

ታዲያ በእማዬ ሕግ ጦስኝ ሁለት ዓይነት ነው። ለድስት የሚሆነው እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ቢፈልጉም እየዘፈኑ የሚቀጠፍ ነው። ለመድኃኒት የሚሆነው ዝም ተብሎ ይቀጠፋል። ቅጠሉ ያው ነው፣ ቁጥቋጦውም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚቀጥፈው ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቀጥፎ፣ ቤት እስኪገባ ድረስ ለሰላምታ እንኳ አፉን መክፈት የለበትም። የያዘውንም ለሰው ማሳየት የለበትም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ከዚያ በኋላ ለወጥ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ይህ ሕግ በቤታችን ተራ ጨዋታ አልነበረም። ከእኔ ቀጥላ የተወለደች አንዲት እኅት ነበረችኝ። ደብረ ብርሃን ሳለን፣ እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሳል ይዟት ሞተች። ጦስኙን ሊቀጥፍ የሄደው አባዬ ነበር። ሲመለስ መንገድ ላይ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር አገኘና "እንደምን አደርክ" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። የተማረ ሰው ስለነበረ ቤት ገብቶ እንደ ቀልድ አወራው። ልጅቷ በሁለተኛው ቀን አረፈች። እማዬ "አንተ ነህ" ብላው አታውቅም። ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሕመምና በመድኃኒት ነገር አባዬ ቃሉን ከፍ አድርጎ ተከራክሯት አያውቅም፤ እሷ ያለችው ይሆናል።

ቁሓ በገባን በሦስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ታናሽ ወንድሜን ዮናስን ትክትክ ያዘው። ስምንት ወሩ ነበር። ሳሉ ሲነሣበት ትንፋሹ ይቆረጥና ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ እየጮኸ አየር ይስባል። ጥቁረቱና ጩኸቱ መካከል ያለችው ጊዜ ቀን በቀን እየረዘመች መጣች። እኛም አብረነው ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። አባዬ ጤና ጣቢያ እንውሰደው አለ። እማዬ መጀመሪያ ሦስት ጧት ጦስኝ ይጠጣ አለች፤ መድኃኒት የቀመሰ ልጅ መርፌ ከተወጋ ይሞታል፣ ይህን መንዝ ላይ በዓይኗ አይታለች። እማዬ ልጁን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ አባዬንማ አትልከውም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አስተማሪዎቼ ብቻዬን ያስቀምጡኛል፤ ለተብርሃን ከውኃ መቅጃ ስመለስ እንስራው ባዶ ነው፣ ወሬው ሙሉ ነው ትለኝ ነበር። እማዬም ይህን ታውቃለች። ማታ ራት ከበላን በኋላ ከፊቷ አስቀመጠችኝና ሕጉን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

"አንዲት ቃል ትበቃለች" አለችኝ። "አባትሽን አይተሻል።"

አባዬ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። የሰማ አልመሰለም።

ንጋት ላይ ትከሻዬን ነክታ ቀሰቀሰችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነጠላ ሰጠችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ጭቃው ኮንጎ ጫማዬን በየእርምጃው ሊያወልቀው ይታገላል፤ ስንዴው በሁለቱም በኩል እስከ ወገቤ ደርሷል፤ ከፊቴ ጭጋግ እንጂ መንገድ አይታይም። ውሻ ሲጮህብኝ እንኳ "ሂድ" እንዳልለው እጄን አፌ ላይ አድርጌ አለፍኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሄጄ ጫካው ስገባ ጽዶቹ ገና ያንጠባጥቡ ነበር። ጦስኙ በድንጋዮቹ መካከል መሬት ላይ ተኝቶ፣ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ አገኘሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለድንጋዩም አወራለት ነበር። ቶሎ ቶሎ ቀጥፌ፣ ነጠላዬ ውስጥ ቋጥሬ፣ ደረቴ ላይ ይዤ ቀና ስል የዱላ ድምፅ ሰማሁ።

አቦይ ሐጎስ ነበሩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት፣ ሐሳባቸውም እየሄደ እየመጣ ነበር። አንዳንድ ቀን ዛሬም የጫካው ጠባቂ የሆኑ ይመስላቸውና ይነሣሉ፤ ለዚህ ነው ለተብርሃን የግቢውን በር ምንጊዜም የምትቀረቅረው። ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ ገና ከሩቅ ያውቁኛል፤ ስለማወራ ይወዱኛል። አሁን ጋቢያቸው በውኃ ርሶ ወደ መሬት ይጎትታቸዋል፣ አንድ እግራቸው ባዶ ነው።

"መን ኢኺ፣ ጓለይ?" አሉኝ። ማነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

ቀርቤ እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ቁሓ አቅጣጫ ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋቸው ጥቂት እርምጃ ተከተሉኝ፤ ከዚያ ቆሙ። እጄን ዳበሱት። ለምን አትናገሪም አሉኝ። አሁንም ሳብኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ማንነቱ ያልታወቀ፣ የማይናገር ነገር በጭጋግ ውስጥ እጃቸውን ይዞ ይጎትታቸዋል። በስመ አብ ብለው አማተቡና እጃቸውን ነጠቁኝ፤ ልከተል ስል ዱላቸውን ወዘወዙ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ቁልቁል፣ የወንዙ ሙላት ወደሚጮህበት ገደል በኩል መሄድ ጀመሩ።

"እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። አፌን ከፍቼ ነበር። የዮናስ ፊት መጣብኝ፤ ያ ጥቁረት። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ከዮናስ ፊት ይልቅ የመጣብኝ የእናቴ ፊት ነው፣ አባዬን የምታይበት ዓይን። አፌን ዘጋሁና ወደ ቤቴ መንገድ ተመለስኩ። ሽማግሌው በዱላቸው ድንጋዩን እየነኩ ሲወርዱ ለጥቂት ጊዜ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ወንዙ ብቻ ቀረ።

ወደ ቁሓ ስቃረብ ጭጋጉ ተገፏል። የአሸንዳ ሰሞን ነበርና ልጃገረዶቹ ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሯቸውን እየመቱ መንገዱን ሞልተውታል። ግማሾቹ የክፍሌ ልጆች ናቸው። ከበቡኝ፤ በስሜ ጠርተው ግቢ ዝፈኚ አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ፣ ቋጠሮዬን አቅፌ፣ በክርናቸው መካከል ገፍቼ ወጣሁ። አንዷ ከኋላዬ ምን ሆነች ዛሬ ስትል ሰማሁ። ቤታችን ከዚያ ሩቅ አልነበረም፤ መታጠፊያውን ካለፍኩ አበቃ ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

መታጠፊያው ላይ ለተብርሃን እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ መሬት ይጠርጋል።

"ጓል መምህር፣ ኣቦይን አየሽው?" አለችኝ፤ የመምህሩ ልጅ፣ አባቴን አየሽው ማለቷ ነው።

ቆምኩ። ዓይኖቿን አላየሁም፤ እግሮቿን ነበር የማየው። ልክ እንዳልሰማ ሆኜ ማለፍ እችል ነበር፤ እንዲያውም አንድ እግሬን አንሥቻለሁ።

"እባክሽ" አለችኝ። "በሩን እኔ ነኝ ሳልቀረቅር የተኛሁት። እኔ ነኝ።"

ይህን ስትል ቀና ብዬ አየኋት። ያ ፊት የአባዬ ፊት ነው። ሽማግሌው ከሞቱ ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያንን በር ስትቀረቅር ትኖራለች።

"ጫካው ውስጥ ናቸው" አልኩ። "ወደ ወንዙ ወርደዋል፣ ቶሎ በይ።"

ከዚያ ምላሴ ተፈታና በየትኛው ዛፍ በኩል እንደወረዱ፣ አንድ ጫማ እንደሌላቸው፣ እንደበረዳቸው ሁሉ ነገርኳት። ለምን ትተሻቸው መጣሽ አላለችኝም። ወንዶቹን እየተጣራች ሮጠች። ያን ጥያቄ ከዚያም በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።

እማዬ ዮናስን አቅፋ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። ቋጠሮውን ከመቀበሏ በፊት ፊቴን አየች።

"አልተናገርሽም?"

"አልተናገርኩም።"

ጦስኙን ወቅጣ አፈላችው፣ ማር ጠብ አደረገችበት፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው። ዋጠላት። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ብላ መረቀችኝ፤ ምርቃቱ ልቤን እንደ ቃር አቃጠለው። ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ውጪ በራችን ላይ ሰው ሲያልፍ ሁሉ ለተብርሃን የተመለሰች እየመሰለኝ እበረግግ ነበር። አባትዋን አግኝታ ከሆነ እናቴ ፊት ታመሰግነኛለች፤ አጥታቸው ከሆነ ደግሞ የሚሆነውን አላውቅም።

ወደ ረፋዱ ላይ ሳሉ ተነሣበት። ፊቱ ጠቆረና ቆየ። ቆየ። ሲመለስ ያ ጩኸት እንኳ አልነበረውም፤ ቀጭን ነገር ብቻ። ጡት ሲሰጡት አልያዘም። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል። አባዬ ክረምት ስለሆነ ቤት ነበር፤ ደጃፉ ላይ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ጤና ጣቢያ፣ አለ ቀስ ብሎ። እማዬ ቀና አላለችም።

"መድኃኒቱ በአፉ ላይ እያለ? አሁንም ልትገድለው ነው?"

"አሁንም" የሚለውን ቃል በዐሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያወጣችው። አባዬ ሊነሣ ጀምሮ ነበር፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ጓዳው በር ላይ ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ። ከዚህ ቤት ወጥቶ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ እማዬን መሬት ላይ የተከላት እኔ ያልኳት አንዲት ቃል ናት። ዝም ብል ሦስት ጧት ትጠብቃለች። ዮናስ ሦስት ጧት የለውም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ቢሞትም ማንም አያውቅብሽም የሚል። ከዚያ ሐሳብ ሸሽቼ ነው እንጂ ጀግና ሆኜ አይደለም የተናገርኩት።

"እማዬ፣ ተናግሬያለሁ።"

ቀና አለች።

"ከለተብርሃን ጋር። ብዙ ነው የተናገርኩት። ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ የወጥ ጦስኝ ነው።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ስኒውን አንሥታ የቀረውን ደጅ ደፋችው። መድኃኒት ካልሆነ መርፌ አይከለክልም፤ በሕጓ መሠረት መንገዱ ተከፈተ። ልጁን አዝላ ስትወጣ ጫማ አላደረገችም። አባዬ ጃንጥላውን ይዞ ከኋላ ከኋላዋ ሮጠ።

ከጤና ጣቢያው በመኪና ሆስፒታል ላኳቸው። ሳሉ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ሲያዳምጠው "እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ" ብሎ ሳይጨርስ እንደተወው አባዬ ኋላ ነግሮኛል። ዐሥራ አንድ ቀን በኦክስጅንና በመርፌ ቆይቶ ዳነ።

አቦይ ሐጎስን ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ አመጧቸው። ወንዙ ዳር፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ሆነው የዛፍ ሥር ጨብጠው ነው የተገኙት። ለተብርሃን በጎረቤት ሁሉ ፊት አቅፋ ሳመችኝ፤ ይቺ ልጅ ባትኖር አለች። ሽማግሌው ደግሞ ቃሬዛው ላይ ሆነው፣ ጫካ ውስጥ ምላስ የሌላት ሴት እጃቸውን ይዛ ልትወስዳቸው እንደነበር ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሰዉ ይስቃል። እኔ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። በየቀኑ እገባና ገና ከበሩ "እኔ ነኝ፣ አቦይ" እላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ያቺ ሴት እኔ እንደነበርኩ ግን አልነገርኳቸውም።

እማዬ ከሆስፒታል ስትመለስ ስለዚያ ጧት አላነሣችም። ለብዙ ሳምንት ውኃ አምጪ፣ እሳቱን እዪ ከማለት በቀር ከእኔ ጋር ወሬ አልነበራትም። ለድስት ጦስኝ መላኳን ቀጠለች። ለመድኃኒት ግን እኔንም ሌላ ሰውም ልካ አታውቅም፤ ዮናስ ሲያስለው ራሷ ናት አዝላው ጤና ጣቢያ የምትሄደው።

ዮናስ አሁን የልጅ አባት ነው። ባለፈው ወር የልጁን ክርስትና ሲደግስ ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። እማዬ አርጅታለች፤ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በየድግሱ የምትደግመውን ያን ታሪክ ለዘመዶቹ ነገረቻቸው። በእሷ አነጋገር ዮናስ ሊሞት ነበር፤ ይቺ ልጄ ገና ሳይነጋ ጫካ ሄዳ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጦስኙን አመጣችልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ልጄ ተነሣ። ጤና ጣቢያ የለም፤ ለተብርሃን የለችም። ዮናስም ይህንኑ ነው የሚያውቀው፤ ለባለቤቱም እንደዚያው ነግሯታል።

ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ደሜ ፈልቶ ነበር። ረስታ ነው እንዳልል እማዬ የምትረሳ ሰው አይደለችም። ሆን ብላ ልትነካካኝ ነው ብዬ ለዓመታት ተቀየምኳት። ራሴ ወልጄ፣ የራሴን ልጅ በትኩሳት ይዤ ካደርኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የእኔን መናገር አይደለም መናገር ያቃታት። ከጧት እስከ ረፋድ ያለውን ሰዓት ነው፤ ልጇ ጭኗ ላይ እየጠቆረ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ የተቀመጠችበትን። እኔ ተነሥቼ እውነቱን ባስተካክል አንዱ እንግዳ ለምን ቶሎ አልወሰድሽውም ማለቱ አይቀርም፤ ዮናስም አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል።

ስለዚህ እማዬ ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ ትንሽ ታቆማለች፤ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግራ ታየኛለች። ይቺ ልጄ፣ ትላለች፣ አፏን አልከፈተችም። እኔም አልከፍትም።